የጸደቀው መልክ

በዚያ ዘመን ሟች አንድ መልክ ብቻ ነበረው። ቤተሰቡ አንዱን ፎቶ ሲያጸድቅ፣ የቀሩት ፎቶዎቹ ሁሉ በየተቀመጡበት ተለውጠው የጸደቀውን ይመስላሉ።

ስንዱ የባሏን የእሸቴን መልክ ያጸደቀችው በቀብሩ ዋዜማ፣ ለለቀስተኛው ካናቴራ የሚታተም ፎቶ በጥድፊያ ሲፈለግ ነበር። የምትወደው ሌላ ነበር፤ በሳቅ ዞር ሲል የተነሣው፣ አንድ ዓይኑ የተጨፈነ፣ ግማሽ ፊቱ የደበዘዘ፣ ቅንድቡን የሰነጠቀው ጠባሳ ግን ቁልጭ ብሎ የሚታይ። ያንን ፎቶ ሰው ፊት ማውጣት አሳፈራትና የተስተካከለውን መረጠች።

ለሙት ዓመቱ እናቱ እማማ አስካለ ከደብረ ሲና መጡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ትክ ብለው አዩት።

«ሸጋ ሰው ነው። ማነው?»

«እሸቴ እኮ ነው፣ እማማ።»

«ሂጂ ወዲያ! የኔ ልጅ መች እንዲህ ደርቆ ቆሞ ያውቃል? ጠባሳውስ? በሕፃንነቱ ከጀርባዬ ያመለጠኝ ጊዜ የተተረተረው? ስመጣ መጀመሪያ የምስመው እሱን ነበር።»

ስንዱ ስልኳ ላይ ያንን የሳቅ ፎቶ ከፈተች። እሸቴ አፉን ገጥሞ፣ በሁለት ዓይኑ ቀጥ ብሎ ይመለከታታል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ልትል ፈለገች።

አሮጊቷ እጇን ይዘው ወደ ግድግዳው አስጠጓት።

«በይ አንቺ አሳዪኝ፣ አብረሽው ኖረሻል። እኔስ እርጅና ተጫጭኖኝ ጠፋኝ። በቀኝ ነበር በግራ?»

የስንዱ ጣት ተነሣ፤ ከሁለቱ ቅንድቦች መሃል ደርሶ ቆመ።