«ያውርዱ» ያላለች ዳኛ

ቄሰ ገበዝ ሚልኪያስ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ እንደያዙ የዳኛ ጥሩወርቅን ቢሮ በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡና ከጠረጴዛዋ ፊት ተንበረከኩ። ድንጋዩ የሐምሌ ጭቃ ጠጥቷል፤ ጭቃው ከነጭ ጥምጥማቸው ሥር ወደ ጆሯቸው ይወርዳል። ጥሩወርቅ የዳኝነት ካባዋን አንድ እጅጌ ብቻ እንዳጠለቀች ደርቃ ቀረች።

ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ «አውርድ» ማለት ልመናውን መቀበል ነው። ዝም ከተባለ ተሸክሞ ይቆያል። ይህን የማያውቅ የአገሬው ሰው የለም፤ ጥሩወርቅም ነፍስ ያጠፋ ሰው በአስታራቂው አባቷ ደጅ እንዲህ ሆኖ ሲታረቅ እያየች ነው ያደገችው። ግን ድንጋይ የሚሸከም ያጠፋ ሰው ነው። የነፍስ አባት ለንስሐ ልጁ ሲሸከም አይታም ሰምታም አታውቅም።

በመስኮቱ ማዶ፣ በፍርድ ቤቱ ግቢ ሣር ላይ፣ የቀበሌው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በካፊያው ውስጥ ቆሟል። ቄሱ ተሸክመው ሲገቡ ያላየ የለም። ሲወጡ ለማየት ነው የሚጠብቁት።

የምርጫው ዕለት፣ ቆጠራው ሊጀመር ሲል፣ ከጋፋት ማዶ ተኩስ ተሰማና ታዛቢውም ፖሊሱም እግሬ አውጪኝ አለ። ቄሰ ገበዙ ብቻ ቀሩ። ሳጥኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው የሚካኤል ዕቃ ቤት አስገቡና ቆለፉበት። ክፉ ቀን ሲመጣ የሰዉ እህልም፣ የሙሽራ ጌጥም የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ሲነጋ ታዛቢዎቹ ተመለሱ፣ ተቆጠረ፣ ጠመንጃ ጥለው ከጫካ የተመለሱት ልጆች የደገፉት መምህር ባዩ አሸነፈ። ተሸናፊው ደግሞ ሳጥኑ ያለ ታዛቢ አድሯል ብሎ ከሰሰ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ውጤቱ ይጽና፣ ሌላው ይሰረዝ ብለዋል፤ የሚቀረው የጥሩወርቅ ድምፅ ነው። ቄሱ የነፍስ አባቷ መሆናቸውን አስቀድማ ለችሎቱ ተናግራ ነበር። የሁለቱም ወገን ጠበቆች፣ ደብረ ታቦር ላይ የማንም ንስሐ ልጅ ያልሆነ ዳኛ ከየት ይመጣል ብለው ስቀው አለፉት። አሁን ስታስበው ያ ሳቅ አንጀቷን ያቃጥላታል።

እንዲነሡ ለመነቻቸው። አልነሣም አሉ። ሳጥኑን የነካው እንደሌለ በቁርባናቸው ሊምሉላት ፈለጉ፤ እሷ ግን ከለከለቻቸው። እንደማይዋሹ ታውቃለች፤ የጨነቃትም ይኸው ነው። ዛሬ ለእውነተኛ ቄስ ስትል ብታጸናው፣ ነገ ሌባው ሳጥን ታቅፎ ወደ ዕቃ ቤት ሲሮጥ የሷን ፍርድ እየጠቀሰ ነው። ይህን እንደምንም ልታስረዳቸው ሞከረች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀዘቀዘባት።

«ሳጥኑን ማስገባቴ ኃጢአት ነበር?» አሉ።

«ኃጢአት አይደለም፣ አባቴ። ሕጉ ግን አይፈቅድም።»

«እንግዲያ የምትቀጡት ኃጢአት ያልሆነውን ነዋ።»

ቄሱ ድንጋዩን አመቻችተው ቀና ለማለት ታገሉ።

«ልጆቹን ከጫካ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። ጠመንጃውን ተዉት፣ ተሰልፋችሁ ምረጡ፣ ድምፃችሁ አይጠፋም ብዬ በመስቀሌ ማልኩላቸው። ዛሬ ከተሰረዘ ተመልሰው ይገባሉ። ሬሳቸው ሲመጣ ፍትሐት የማደርሰውም እኔው ነኝ። አገር ማለት እነሱ አይደሉም ወይ? አገር አትክጂ፣ ልጄ።»

ጥሩወርቅ እንባዋ መጣ። ከልጆቹ አንዳንዶቹን በስም ታውቃቸዋለች፤ የአንዱ እናት ግቢው ውስጥ ከቆሙት መካከል ናት። እሷም የወሰነችው አገር ብላ ነበር። ሁለት አገር ያለ ይመስል፣ አንዱን ለማዳን ሌላውን መቅበር ሆነባት። ሙያዋንም፣ ካባውንም፣ የተማረችበትንም ቀን ጠላች። ሐሳቧን ግን መለወጥ አልቻለችም።

ሸክሙ ቄሱን አሸነፋቸው። አንድ እጃቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ ድንጋዩ ወደ ጎን ተንሸራተተ። «ያውርዱ» እንዳትል ውሸት ነው፤ ዝም እንዳትል ዐይኗ እያየ ሊወድቁ ነው። ጠረጴዛውን ዞራ ሮጠች፤ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራታቸው አንሥታ በራሷ ማጅራት ላይ ጫነችና ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ» አለች።

ቄሱ ድንጋዩን በማጅራቷ ላይ አዩት። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ለማንም ያልተነበበውን ፍርድ ነግራቸዋለች።

«ሰርዘሽዋል» አሉ።

ድንጋዩን አጥብቃ ያዘች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ «አውርጂ» የሚሉ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔ ብፈታሽ ምን ይረባሻል? እነሱ ይፍቱሽ» አሉና ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጭቃውን ከአንገታቸው ሳይጠርጉ ወጡ። ችሎቱ መሰየሙን የሚናገረው የጸሐፊዋ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ።

ጥሩወርቅ ከነሸክሟ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ቄሱ ከደረጃው ላይ ብቅ ሲሉ ግቢው ጸጥ አለ። ሰዉ ትከሻቸውን አየ፤ ባዶ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ሁሉም እልል አለ፤ ወጣቶቹ ተቃቀፉ፤ ጋቢ ወደ ላይ ተወረወረ።

ቄሰ ገበዙ ዝም ሊያሰኟቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሕዝቡ የሚባርኩት መስሎት እልልታውን አቋርጦ አንገቱን ደፋ፤ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩም ግቢው ሙሉ አሜን አለ።