በጸሎት ሰዓት የተሰጠ ታሪክ

በራሷ ያሳተመችው መንፈሳዊ ልብ ወለድ ገዢ አጥቶ አልጋዋ ስር ከተደረደረ ዓመት አለፈው። መግቢያው ላይ «ይህን ታሪክ ጌታ በጸሎት ሰዓት ሰጠኝ» ብላለች። እሱን ለመጻፍ ስትል የስንቱን ጭንቀት እየሰማች የጸለየችበትን የጸሎት ክፍል አገልግሎት እንኳ ትታለች። ታዲያ ታሪኩን የሰጣት ጌታ ከሆነ አንባቢ ለምን ነሳት? ይህ ጥያቄ መቀመጫ አሳጥቷታል።

እሁድ በምስክርነት ሰዓት አንዲት የማታውቃት ሴት ማይክ ጨበጠች።

«አራስ ልጄን በአረንጓዴ ሹራብ ጠቅልዬ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጥዬው ሄድኩ» ብላ ጀመረች።

ደራሲዋ ክው አለች። የእሷ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ አንድ! ሴትየዋ ቀጠለች፤ ባለ ወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ሕፃኑን ሲያባብል፣ እናት በማግስቱ ተመልሳ ሰውየው እግር ላይ ስትወድቅ፣ አንድም ሳይቀር። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» እያለ ያለቅሳል።

«ኧረ በጌታ ቤት!» አለች ደራሲዋ በሆዷ። ሌባዋን ላጋልጥ ብላ መጽሐፏን ከቦርሳዋ መዥርጣ ብድግ አለች፤ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጋ ያዘችው።

ሴትየዋ እንባዋን ጠረገች።

«ይህን ገመናዬን እስከ ዛሬ የነገርኩት ለአንዲት እህት ብቻ ነው። እዚሁ ጸሎት ክፍል ዐይኗን ጨፍና፣ እጇን ራሴ ላይ ጭና ጸለየችልኝ። መልኬን እንኳ ቀና ብላ አላየችም። ምስጢሬን ግን ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቃልኛለች። ጌታ ይባርካት!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

ፓስተሩ ዞር ሲል መጽሐፍ ከፍ አድርጋ የቆመችውን ሴት አያት።

«እህታችንም ምስክርነት አላት መሰለኝ» አለ። «ማይኩን አቀብሏት።»