በከንፈሩ የያዛቸው ስፒሎች

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን እንደ ልማዱ በከንፈሩ ይዞ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ ሲያጥፍ ስልኩ ጮኸ። ባሕር ማዶ ያለችው የልጁ ሚስት ነበረች። ሁልጊዜ የምታስተረጉምለት የእህቱ ልጅ አነሳችው። ሴትዮዋ እያለቀሰች በስፓኒሽ ስትናገር ድምፅዋ ጠባቧን ሱቅ ሞላት።

"ምንም አይደል ጋሼ፣" አለች የእህቱ ልጅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። "ልጅህን ትንሽ አሞት ተኝቷል ነው የምትለው።"

እሱ ጠርዙን ማጠፍ ቀጠለ። ዓመት ሙሉ፣ ልብስ እየተኮሰ በጆሮ ማዳመጫ ስፓኒሽ ሲማር፣ "ጋሼ፣ ምላስህ ተቆላልፎ እንዳይቀር!" እያለች የእህቱ ልጅ ትስቅበት ነበር። ስንት ጊዜ ሊተወው ዳድቶት ነበር። ግን የልጅ ልጁ ስልኩ ላይ ብቅ ስትል እሱን ትታ አስተርጓሚዋን ታያለች፤ ያ ዓይኗ ወደ ትምህርቱ ይመልሰዋል። በመሀላቸው ሰው ሳይገባ ከእሷ ጋር ማውራት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

አሁን የዚያችው ልጅ ድምፅ "አያቴ" ሲል ተሰማ። የእህቱ ልጅ ልትዘጋው ስትል እጁን ዘረጋ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አውጥቶ ትንሿ ትራስ ላይ ሰካቸውና ስልኩን ተቀበለ።

"አለሁ የኔ እናት፣ አታልቅሺ፤" አላት በስፓኒሽ፣ እየተንተባተበ።

ልጅቷ ደንግጣ ለቅሶዋን አቆመች። ከዚያ፣ "አያቴ፣ አባዬን ለምን ይቀብሩታል?" ብላ ጠየቀችው።

እያንዳንዱ ቃል ገባው። ስልኩን ለእህቱ ልጅ መለሰላት።

"መሞቱን ሰምቻለሁ፤" አላት። "ለምን እንደሚቀብሩት ግን ለልጅቷ አንቺ ንገሪልኝ።"