የጓንት ጉርሻ

ጫት ከተከለከለ ወዲህ የመሥሪያ ቤታችን በር የሚከፈተው ጠዋት ጠዋት ምራቃችንን መርምሮ ነው። በሩ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ የጫት ርዝራዥ ካገኘችብኝ ከሥራ እባረራለሁ። ሽቦዋን ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራት እኔ ስለሆንኩ አውቃታለሁ፤ ጫት የቃመን ሰውና በቃሚ እጅ የጎረሰን ሰው አትለይም።

አባቴ ዛሬም ተደብቆ ይቅማል። ስለዚህ ለሹመቴ በተዘጋጀው ምሳ ላይ እህቴ ትርሲት የላስቲክ ጓንት ሰጠችው።

«አስከሬን ልገንዝ ነው እንዴ?» አለና እየሳቀ አጠለቀው።

ዶሮውን ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ላስቲክ ላስቲክ አለኝ፤ የጓንቱ ዱቄት ምላሴ ላይ ተለጠፈ። በውኃ አወራርጄ ዋጥኩት።

ጉርሻ ግን በአንድ አይቀርም። አባቴ ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አወለቀና በባዶ እጁ ጠቀለለ። ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ነገር አየሁ።

«በሞቴ፣ ይችን ብቻ።»

«አባዬ፣ ነገ ሥራ አለኝ። ጓንቱን አድርግ።»

«ታጥቤያለሁ እኮ።»

«መታጠብ አይበቃም አልኩህ።»

እጁን አልመለሰም። ወጡ በክንዱ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ። ጣቱ ከንፈሬን እንዳይነካኝ ፊቴን አዞርኩ። አባቴ ትንሽ ጠበቀና የጠቀለለልኝን ጉርሻ ራሱ ጎረሰው።