የአክስት ልጅ

አናጢው ኩላሊት ካስተከለ ስምንት ዓመት ሞላው። የመጀመሪያውን ዓመት እኩሌታ ቁስሉ እያመረቀዘ ተኝቶ አሳልፏል። ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ድሮው እየላገና እየሰነጠቀ ይኖራል።

እሑድ ከሰዓት እህቱ መምህርቷ ልትጠይቀው መጣች። እሱ ከቤቱ ጀርባ በር ይልጋል፤ ሚስቱ የሳምንቱን ክኒን የየቀኑን ለይታ ሣጥን ውስጥ ትከፋፍላለች።

«ያቺን ሴትዮ ልፈልጋት ነው» አለ መላጊያውን አስቀምጦ። «እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳት።»

ኩላሊቷን የሰጠችው ሴትዮ ልብስ አጣቢ ነበረች። ደላላ አገኛትና ከነአናጢው ጋር ባሕር ማዶ ወሰዳት። ሆስፒታሉ ከዘመድ በቀር አይቀበልም ስለተባለ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ «የአክስቱ ልጅ ነኝ» እያለች ስታጠና ሄደች።

ከዚያ በፊት ቤተሰቡ ሁሉ ኩላሊት ለመስጠት ተመርምሮ ነበር። መምህርቷ የራሷን ውጤት ከላቦራቶሪ ያመጣችው ብቻዋን ሄዳ ነው። «ደሜ አይገጥምም» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። የወንድሟ ሚስት ወረቀቱን አላየችም። አለማየቷንም አልረሳችም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሦስት ሐኪሞች ሰጪዋን ማነጋገር ፈለጉ። ደላላው እንዳይገባ ተከለከለ። ቋንቋቸውን የምታውቅ መምህርቷ ብቻ ስለነበረች እሷ ገብታ አስተረጎመች። ልብስ አጣቢዋ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ቀብራ ብዙ ተናገረች። መምህርቷ ለሐኪሞቹ ነገረቻቸው፤ እነሱም ፈቃዱን ፈረሙ።

አናጢው ውጭ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ፊቱ ከማበጡ የተነሳ ዓይኑ አይታይም።

«እሺ አለች?»

«ፈቃደኛ ናት» አለችው።

አሁን መላጊያውን እያራገፈ ትክ ብሎ አያት።

«ከሁላችን ይልቅ ያወራችው ካንቺ ጋር ነው። ሰፈሯን ሳትነግርሽ አትቀርም።»

«አልነገረችኝም።»

«የልጆቿን ስም እንኳ?»

መምህርቷ የሻርፗን ጫፍ ታጥፍና ትዘረጋ ጀመር። «ተዋት ወንድም ጋሼ። ከስንት ዓመት በኋላ የት ታገኛታለህ?»

«እንዳትገኝ ነዋ!» አለች ሚስቱ። «በምን ዓይኗ ታያታለች? የራሷ ደም ገጥሞ ሳለ ወረቀት ደብቃ የሰው ልጅ ያስቀደደች!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ነገርሽን ስምንት ዓመት ሙሉ ሰማሁት እኮ!» አላት አናጢው።

«እሷን ጠይቃታ! እኔማ ምራት ነኝ፤ ምላሴ ረጅም ነው። እሷ የተማረች ናት፣ አጭር አድርጋ ትንገርህ።»

ሁለቱም ወደ መምህርቷ ዞሩ።

«ገጥሞ ነበር» አለች።

ሚስቲቱ የክኒኑን ሣጥን ከደነችው። ስምንት ዓመት የጠበቀችውን ቃል ስታገኘው «ወይ ጉድ» ብቻ አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አናጢው ያላለቀው በር ላይ ተቀመጠ።

«ፈርተሽ ነው?»

«አዎ።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ፈራሁ ብትይኝ መች አስገድድሽ ነበር?»

መምህርቷ ቦርሳዋን አነሳች። አናጢው እስከ አጥሩ በር ሸኛት፤ ቁጣውም ቶሎ በረደ። ድሮም ቂም አያውቅም።

«በይ አታልቅሺ» አለ። «የእናቴ ልጅ ብትነፍገኝ፣ ባዕዷ ወዳና ፈቅዳ ሰጠችኝ። እኔ የምጽናናው በሱ ነው።»

አንገቷን ነቅንቃ ወጣች።

በእውነቱ የመምህርቷ ደም አልገጠመም ነበር።

ሐኪሞቹ ፊት ልብስ አጣቢዋ ያለቻት፣ «እታለም፣ ፈራሁ፤ ተዉኝ፣ ወደ ልጆቼ መልሱኝ በያቸው» ነበር።