መስኮቱ ሥር የቀረችው ቦታ

ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣ ሴት ልጁ በክንድ ልክ አሳንሳ ሠርታ የሰጠችውን የድሮ ባቡሩን ሲያይ ደሙ ፈላ። ከጣሪያው እስከ መንኮራኩሩ ጥቀርሻና አቧራ አስመስላ ቀብታዋለች።

«ሠላሳ ዓመት በየማለዳው በእጄ የወለወልኩት ባቡር ይሄ ነው? የራሴን ፊት ጥቀርሻ ብትቀቢኝ ይሻል ነበር!»

«አባዬ፣ ቆይ አንዴ…»

«ምኑን ነው የምቆየው!»

የልጅቷ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ብሩሹ በቁመት በቁመቱ፣ ቀለሙ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ብሩሽ የምታጥብበትን ነጭ ጋዝ ለማግኘት ዓይኑን እንኳ አላንከራተተም። ጨርቅ ነክሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ፈገፈገው። የሦስት ወር ልፋቷ ጨርቁ ላይ ቀረ።

«እንዲህ ነበር!» አለ እያለከለከ።

ልጅቷ አልጮኸችም። «ልጅ ሆኜ፣ አንተ ጠዋት ወልውለኸው ትሄድ ነበር። እኔ የማየው ግን አመሻሽ ላይ፣ ጣቢያው በር ቆሜ ስጠብቅህ ነው። ክርንህን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርገህ ትመጣለህ። ባቡሩ ሁሉ ጠቁሮ፣ ክርንህ ያረፈባት ቦታ ብቻ ታበራለች። እሷን ሳልቀባ ትቼልህ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ መስኮቱ ሥር ፈለጋት። ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መስታወት ያበራል፤ የቷ እንደነበረች ጠፋው።