የለማኝ ወንበር

«ለማኝ ከሥራ አመራር ጋር አይቀመጥም!» አለ የአረጋውያን መርጃው ሥራ አስኪያጅ፣ ደመወዙን ማን ለምኖ እንደሚያመጣለት ረስቶ። በአመራር ስብሰባ ልቀመጥ ብላ የጠየቀችው የገቢ አሰባሳቢዋ ስንዱ ደሟ ፈላ።

«እስቲ እርስዎ ለምነው ያምጡ! ባዶ እጅዎን ከተመለሱ ግን ስብሰባው ላይ ወንበር ይሰጡኛል።»

«ምን ገዶኝ!»

ክራባቱን አስተካክሎ፣ ስንዱ ወደምታውቃቸው የመርካቶ ነጋዴ ቢሮ ገባ። እሷ ደጅ ቆማ ጠበቀች። ከውስጥ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሳቁ በደመቀ ቁጥር ወንበሯ ሲርቅ ታያት፤ «ይህ አፈ ጮሌ!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

በመጨረሻ ነጋዴው ሥራ አስኪያጁን ትከሻውን አቅፈው ወጡ።

«አንቺ ስንዱ፣ እንዲህ ያለ ቸር አለቃ እያለሽ እስካሁን ትደብቂኛለሽ? ሊለምነኝ መጥቶ፣ ለመንደሬ ድልድይ ማሠሪያ የወር ደመወዙን ቃል ገባልኝ!»